የማን ልጅ ናት?

ይህ ሙኒክ ውስጥ በየወሩ በምናደርገው የንባብ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለዓይን እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ካስተካከልኩት በስተቀር እንደተነገረ ቀርቧል።

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? በመስኮቱ በኩል ሦስት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ እባካችሁ ቆማችሁ አትድከሙ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወዳጄ ደወለችልኝ። «ቅዳሜ ስለ ማን ነው የምትናገሪው?» አለችኝ። «አዎ፣ ስለ ማን ነው» አልኳት። «እኮ ስለ ማን?» «ስለ ማን ነዋ!» ተናዳ ስልኩን ልትዘጋብኝ ምንም አልቀራትም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የጀርመኖቹ ነው። ማን የሚባል ቤተሰብ አላቸው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኤሪካ ማን ነው፤ በዚህችው ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ መድረክ ላይ ቆማ ናዚዎችን በግጥምና በቀልድ ስለለበለበች ተዋናይና ደራሲ።

ከመካከላችን ቅኔ የቆጠረ ሰው ካለ ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል። «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «የማን ልጅ ናት» ተብሎም ይመለሳል። ሰሙ ጥያቄ፣ ወርቁ መልስ። ይህቺ ሴት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሰው ስለ እሷ አስቀድሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር፤ የማን ልጅ፣ የኖቤል ተሸላሚው የቶማስ ማን ልጅ። ዛሬም መጽሐፍ ብትገልጡ ከስሟ ቀጥሎ የምታገኙት የአባቷን ስም ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ግን ቀኑ በጨለመ ጊዜ መንገዱን ያየችው አባትየው ሳይሆን ልጅቷ ናት ብዬ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ልጅቷ ናት።

የአባት ስም ነገር ለእኛ ለስደተኞቹ እንግዳ አይደለም። እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቅጹን ስትሞላ የአባቴን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ «ወይዘሮ ተሰማ» ነኝ። ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ «ወይዘሮ ተሰማ!» ሲባል መጀመሪያ ሰሞን ወደ ኋላዬ ዞር እል ነበር፤ ነፍሱን ይማርና አባቴ ከኋላዬ ቆሞ የተጠራ እየመሰለኝ። እነሆ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ በራሴ ስም የምትጠሩኝ እናንተና እናቴ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ የኤሪካን ታሪክ ማንበብ እንደጀመርኩ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ዘመዴ ሆነችብኝ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆኜ የምሠራ ሴት ነኝ። ግን አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲከፈት እያየሁ ነው የምውለው፤ አፏን አልዘጋም ስላለች ሴት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሙያ ከየት ይመጣል? ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛ ስለ ቁንዶ በርበሬው፣ ሦስተኛ ስለ አባትና ልጅ። ሁለተኛው እንደሚረዝምብኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንደኛ፣ ቤቱ።

ኤሪካ ኖቬምበር 9 ቀን 1905 እዚሁ ሙኒክ ተወለደች፤ ከስድስት ልጆች ታላቋ ናት። እናቷ ካትያ የሒሳብ ፕሮፌሰር ልጅ ናት፤ የእናቷ ቤተሰብ ከአይሁድ ዘር የመጣ ባለጸጋ ቤተሰብ ነበር። የካትያ አያት ሄድቪግ ዶም ደግሞ ለሴቶች መብት በብዕሯ የታገለች ጸሐፊ ናት። እንግዲህ አፈኛነቱ በአባት በኩል ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቤታቸው በኢዛር ወንዝ ዳር፣ ሄርትሶግፓርክ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። እሁድ እሁድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በወንዙ ዳር ስትሄዱ በዚያ በኩል አልፋችሁ ታውቃላችሁ።

በቤተሰቡ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ረሃብ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በገበታው ላይ አንዲት በለስ ብቻ ተገኘች። አራት ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አባትየው በለሷን አንስቶ ለኤሪካ ብቻ ሰጣትና ልጆች ግፍን ከልጅነታቸው ቢለምዱት ይሻላል አለ። የእኛ አገር አባት ቢሆን በለሷን ለአራት ይቆርጣታል፤ ወይም ለታላቁ ወንድ ልጅ ይሰጣታል፤ እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። ቶማስ ማን ግን ለሴት ልጁ ሰጠ። ይወዳት ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ ይወዳት ነበር። ይህን በለስ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእሷ በአንድ ዓመት የሚያንሰው ወንድሟ ክላውስ ከጎኗ አይለይም ነበር። ገና በልጅነታቸው ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር የቲያትር ቡድን አቋቋሙ። ኤሪካ የሰው ድምፅ የመምሰል ተሰጥኦ ነበራት፤ በሌላ ሰው ድምፅ ስልክ እየደወለች ትልልቅ ሰዎችን ታሞኝ ነበር። አድጋ በርሊን ትወና ተማረች። በ1927 ከክላውስ ጋር ዓለምን ለመዞር ስትነሳ መንትዮች ነን ብለው አስነገሩ፤ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ሶቭየት ኅብረት ደርሰው ተመለሱ። ገንዘብ ሲያልቅባቸው ንግግር ያደርጋሉ፣ ይበደራሉ፣ የአባታቸውንም ስም ይጠቀሙበታል። በ1931 ደግሞ አውሮፓን በሚያካልል የ10,000 ኪሎ ሜትር የመኪና ውድድር ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ተሳትፋ አሸነፈች። መኪና መንዳትም መጠገንም ታውቅ ነበር። በመካከሉ ጉስታፍ ግሩንድገንስ የሚባለውን ተዋናይ አግብታ በሦስተኛው ዓመት ፈታችው። ያ ሰው ኋላ የሂትለር ቀኝ እጅ በነበረው በጎሪንግ ጥላ ሥር የፕሩሲያ መንግሥት ቲያትር ቤት ኃላፊ ሆነ። የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ወደ ቲያትር ቤቱ፣ እሷ ወደ ስደት።

ታዲያ ይህቺ ሞላቃ ልጅ ስለ ፖለቲካ ደንታ አልነበራትም። የለወጣት አንድ ምሽት ነው። በጃንዋሪ 1932 እዚህ ሙኒክ ውስጥ ሴቶች የጠሩት የሰላም ስብሰባ ላይ ጦርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ እንድታነብ ተጋበዘች። እሷ ለማንበብ የመጣች ተዋናይ ናት፤ ሌላ ነገር አላሰበችም። የሂትለር ወጠምሾች እየጮሁ አዳራሹን አወኩት። በማግስቱ ጋዜጣቸው የስድብ መዓት አወረደባት፤ እሷ እንደምትተርከው «ጠፍጣፋ እግር ያላት የሰላም ጅብ» ተብላለች። ጅብ! ስለ ሰላም ስላነበበች! ቲያትር ቤቶች ሥራ ከለከሏት። እሷ ግን ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰችና ረታች። የ26 ዓመት ሴት ናት። ያን ምሽት ሰዎቹ ዝም ብለው ቢያሳልፏት ኖሮ ምናልባት የመኪና ውድድሯን ትቀጥል ነበር።

ሁለተኛ፣ ቁንዶ በርበሬው።

ካባሬት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በአንድ ቃል ልግለጸው ብል አዝማሪ ቤት እላለሁ። ጠባብ ቤት፣ መጠጥ፣ ዘፈን፣ በዘፈኑ መካከል ለእንግዳው የሚወረወር ነገር። ልዩነቱ ጀርመኖቹ ጋ ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ የሚጠና መሆኑ ነው፤ የእኛው ግን ካፍ ከወጣ በኋላ ነው አዝማሪው ራሱ የሚደነግጠው።

ኤሪካ፣ ክላውስ፣ ቴሬዜ ጊዜ የምትባለው ታላቅ ተዋናይ እና ማግኑስ ሄኒንግ የሚባለው ሙዚቀኛ ካባሬት እናቋቁም አሉ። ስም ቸገራቸው። በምሳ ገበታ ላይ ሲወያዩ አባትየው የቁንዶ በርበሬ መፍጫውን አነሳና «ይህስ?» አለ። በዚያው ጸደቀ። ዲ ፌፈርሙለ፣ የቁንዶ በርበሬ ወፍጮ። አብዛኛውን ግጥም የጻፈችው ኤሪካ ናት፤ መድረኩን የምትመራው፣ የምትዘፍነው፣ ሒሳቡን የምትይዘውም እሷው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1933 ቦንቦኒየር በሚባል አነስተኛ ቤት ተከፈተ። ቤቱ የት ነበር መሰላችሁ? ከሆፍብሮይሃውስ አጠገብ! የሂትለር ፓርቲ በ1920 ፕሮግራሙን ካወጀበት ቢራ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ። ወፍጮው ሥራ በጀመረ በሠላሳኛው ቀን ሂትለር የመንግሥት መሪ ሆነ።

ምን ይሉ ነበር? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሂትለርን ስም አይጠሩም። የፓርቲውን ስም አይጠሩም። ተረት ያወራሉ፣ የሕፃናት ዘፈን ይዘፍናሉ። ለምሳሌ ከዓመት በኋላ በስደት ባቀረቡት አንድ ዘፈን ኤሪካ ጥቁር የደንብ ልብስና ቦት ጫማ አድርጋ የውሸት አገር ልዑል ሆና ትወጣለች። በዚያ አገር መዋሸት ክብር ነው፤ ልዑሉም ከሁሉም አብልጦ በመዋሸቱ ይኮራል። ቴሬዜ ጊዜ ደግሞ እመት ጅልነትን ሆና ትዘፍናለች። ማን ተሰደበ? ማንም አልተሰደበም። ማን ገባው? ሁሉም ገባው። ይህን ነገር እኛ ስም ሰጥተነው፣ በየደብሩ አስተምረነው፣ ሰምና ወርቅ ብለነው ኖረናል። ጀርመኖቹ ሲጨንቃቸው በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

እዚህ ላይ አንድ የልጅነቴን ነገር ላንሳ። አክስቴ ጠጅ ቤት ነበራት። ዘመኑ ደርግ ነው። ማታ ማታ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ፤ አክስቴ ስታየኝ በማማሰያ ታባርረኛለች፤ እመለሳለሁ። አንድ ምሽት አንድ የማይታወቅ ሰው ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አንድ ብርሌ አዘዘ፤ ቀድቶ ጨርሶ ዝም አለ። ሌላ አያዝም፤ አይሄድም። ቤቱ ቀዘቀዘ። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኘና ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

ጠጅ የማይጠጡ እንግዳ መጥተዋል፤
ብርሌው ባዶ ነው፣ ጆሯቸው ሞልቷል።

የሳቀ ሰው የለም። ሳቁ በሁሉም ሰው ጉሮሮ ላይ እንደቆመ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። አዝማሪው ሳምንት ሳይሞላው ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ዳቦ ቆሎውን የቋጠረችለት አክስቴ ናት። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። የኤሪካን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ የቆመ ሳቅ ትዝ ይለኛል።

እና ይህን የማነሳው እኛ አገር ያሉ አዝማሪዎች ከዚህ ታሪክ ጋር ሩቅ ዝምድና ስላላቸው ብቻ አይደለም። ቅርብ ዝምድና አላቸው። እንደኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ያ እልቂት ከተፈጸመ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በማርች 1937፣ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ። ጦር ላነሳ አርበኛ መድፍ አለው፤ ማሲንቆ ለያዘ ሰው ግን ለብቻው ትእዛዝ አስፈለገው። ፋሺስት ሁሉ ዘፈን ይፈራል። ለምን ይፈራል? ዘፈን አንዴ ከተሰማ ማን አመጣው ተብሎ አይያዝማ!

ወደ ሙኒክ ልመለስ። ወፍጮው ሁለት ወር ሠራ፤ ቤቱ በየምሽቱ ይሞላል። ወደ ሰፊ አዳራሽ ለመዛወር ተዘጋጅተው ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ በርሊን ያለው የጀርመን ምክር ቤት ተቃጠለ፤ በማርች ናዚዎች ይህቺ ሙኒክ ያለችበትን ክፍለ ግዛት፣ ባየርንን ያዙ። በዚያ ሰሞን ኤሪካና ክላውስ ለበረዶ ሸርተቴ ሄደው ከስዊዘርላንድ ሲመለሱ የቤተሰቡ ሾፌር ተቀበላቸው። ፊቱ ገርጥቷል። ተደበቁ፣ መምጣታችሁን ማንም አይወቅ አላቸው። ይህ ሾፌር ለዓመታት የቤቱን ወሬ ለናዚዎች ሲያቀብል የኖረ ሰው ነው! እነሱን አሳልፎ ሊሰጥ በሚችልበት በመጨረሻዋ ቀን አንጀቱ አልቻለለትም። የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ እኔ ይህን ሾፌር ልረግመውም ልመርቀውም አልቻልኩም።

ወላጆቻቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ አሮዛ ነበሩ፤ ሊመለሱ ሻንጣ እያዘጋጁ ነው። ልጆቹ ስልክ ደወሉ። ስልኩ ይጠለፋል። ስለዚህ «እዚህ አየሩ መጥፎ ነው» አሏቸው። አባትየው ምን ቢል ጥሩ ነው? እዚህም ጥሩ አይደለም አለ። «ቤት ውስጥ ትልቅ ጽዳት ላይ ነን፣ አሁን ብትመጡ አይመቻችሁም» አሏቸው። ግድ የለም፣ መምጣት እፈልጋለሁ አለ። እስቲ ፍረዱ! የኖቤል ተሸላሚ ደራሲ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አሥር ነገር የሚሰውር ሰው፣ ልጆቹ ሰም ሲሰጡት ወርቁን ማግኘት አቃተው! በመጨረሻ በግልጽ ነገሩት፤ እንዳትመጡ፣ አያስተማምንም አሉት። ቶማስ ማን ያን ጊዜ ቀረ፤ አሥራ ስድስት ዓመት የጀርመንን መሬት አልረገጠም። ኤሪካ ደግሞ በማርች 1933 አጋማሽ ድንበሩን ተሻገረች። ለአባቷ ሊጽፈው የጀመረውን ትልቅ ልብ ወለድ ረቂቅ ከተከበበው ቤት አውጥታ በመኪናዋ ደብቃ አመጣችለት። ዝርዝሩን ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል፤ ረቂቁ ግን ወጥቷል።

ወፍጮው በስደት እንደገና ተተከለ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1933 ዙሪክ ውስጥ ሂርሸን በሚባል ሆቴል ተከፈተ። ከዚያ ስዊዘርላንድን፣ ቼኮዝሎቫኪያን፣ ሆላንድን፣ ቤልጂግን፣ ሉክሰምበርግን ዞሩ። እስከሚዘጋ ድረስ 1,034 ጊዜ ለመድረክ በቅቷል። አንድ ሺህ ሠላሳ አራት ምሽት! በ1934 ኅዳር ላይ ዙሪክ ውስጥ የናዚ ወዳጅ የሆኑ ስዊዘርላንዳውያን አዳራሹ ውስጥ ድብድብ አስነሱ፤ ትርኢቱ በፖሊስ ጥበቃ ቀጠለ። ከዚያስ? ረባሾቹ ይከለከላሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። የተከለከለው ወፍጮው ነው። ዙሪክ የባዕዳንን የፖለቲካ ካባሬት የሚያግድ ደንብ አወጣች፤ ሰውም «የቁንዶ በርበሬው ሕግ» አለው። በሰው አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ እንግዳ ሲደበደብ አንዳንዴ ጩኸቱ ነው ጥፋቱ።

በጁን 1935 የጀርመን ዜግነቷን ገፈፏት። ሊገፏት መሆኑን አስቀድማ ሰምታ ነበር። እና ምን አደረገች? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችን የምናውቀውን አደረገች! ለምን ትስቃላችሁ? አዎ፣ የወረቀት ጋብቻ። መጀመሪያ ክሪስቶፈር ኢሸርዉድ የሚባለውን እንግሊዛዊ ደራሲ ጠየቀችው፤ እሱ አልሆነለትም። እሱ ለጓደኛው ለገጣሚው ኦደን ነገረው። ኦደን ኤሪካን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። በቴሌግራም የመለሰው አንድ ቃል ነው፤ «ደስ ይለኛል»። ጁን 15 ቀን 1935 እንግሊዝ አገር ሌድበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተጋቡና እንግሊዛዊት ሆነች። ኦደን የሚያፈቅረው ወንዶችን ስለነበር አንዱ ከሌላው የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። አብረው አልኖሩም፣ እስከ ዕለተ ሞቷም አልተፋቱም። ኦደን ለቴሬዜ ጊዜም ሌላ ደራሲ ጓደኛውን አጋባላት። በየኤምባሲው በር ላይ ቆመን ስንንገላታ አንድ ቃል የሚመልስልን ኦደን ባገኘን!

አሁን የወፍጮውን መጨረሻ ልንገራችሁ። በጃንዋሪ 1937 ኒውዮርክ ገባ። ግጥሞቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎሙ፤ የተካኑ ሰዎች ናቸው የተረጎሟቸው። ኒውዮርክ ግን አልሳቀችም። በጥቂት ሳምንታት ተዘጋ። ለምን? አሜሪካኖቹ የውሸት አገር ልዑልን ሲያዩ ልዑል ብቻ ነው ያዩት። በዙሪክ መድረክ ላይ ኤሪካ አንድ ቃል ዋጥ ስታደርግ አዳራሹ ይሞላው ነበር፤ ኒውዮርክ ላይ የተዋጠው ቃል ተውጦ ቀረ። ሥራ ቦታዬ ላይ የአማርኛ ቀልድ ለጀርመን ባልደረቦቼ ለመተርጎም የሞከርኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። በትዕግሥት ሰሙኝና «ከዚያስ?» አሉኝ። ከዚያማ አለቀ!

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ኤሪካ ግን ሰሙን ጣለችና ወርቁን ራሱን ይዛ ወጣች። ማርች 15 ቀን 1937፣ ግራዚያኒ ያንን ቴሌግራም ከመላኩ አራት ቀን ቀድሞ፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ቆማ ስለ ናዚዎች በግልጽ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረች ንግግር አደረገች፤ ባቡር፣ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ እንደገና ባቡር። በ1938 በናዚ ዘመን ልጆች ስለሚማሩት ትምህርት አንድ መጽሐፍ አወጣች፤ በሦስት ወር 40,000 ቅጂ ተሸጠ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሕፃን «ሃይል ሂትለር» የሚለውን ሰላምታ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚል ታሰላለች፤ ሲነሳ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መምህሩ ሲመጣ፣ ዳቦ ሲገዛ። ከ50 እስከ 150 ጊዜ ይደርሳል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔም ሰልፍ ላይ ግራ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ እያነሳሁ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» እያልኩ ነው ፊደል የቆጠርኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። ሞት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ክንዴን እንደሚያመኝ ብቻ ነው የማውቀው። የእኔን የቆጠረልኝ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ አባትና ልጅ። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ አጠር አደርገዋለሁ፤ ግን የመጣሁት ለዚህ ነው።

ከ1933 እስከ 1936 መጀመሪያ ድረስ ቶማስ ማን ናዚዎችን በአደባባይ በግልጽ አላወገዘም። ሦስት ዓመት! ምክንያት ነበረው፤ መጽሐፎቹ ጀርመን ውስጥ አሁንም ይሸጡ ነበር፣ አንባቢዎቼን አላጣም ይል ነበር፣ አሳታሚውም ይለምነው ነበር። ልጆቹ ግን በየድንበሩ እየተንገላቱ ነው። በጃንዋሪ 1936 አባትየው አሳታሚውን ደግፎ በጋዜጣ ላይ ፊርማውን ሲያኖር የኤሪካ ትዕግሥት አለቀ። ደብዳቤ ጻፈችለት። ከዚህ በኋላ ፊትህን ማየት ይከብደኛል የሚል ነው መንፈሱ። በለሱን ታስታውሳላችሁ? ያ በለስ የተሰጣት ልጅ ናት ይህን የጻፈችው። እናትየው አስታራቂ ሆነች፤ ክላውስም ጻፈ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ አባትየው በዙሪክ ጋዜጣ ላይ ከናዚ ጀርመን ጋር መለያየቱን በይፋ አወጀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እሱም ዜግነቱን ተገፈፈ። ልጁ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የደረሰችበት ቦታ ደረሰ።

እናንተ ወላጆች፣ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን ልጃችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብትጽፍልን «ስድ!» የማንላት? እኔ እላት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እላት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን በፍጥነት ላልፍ ነው፤ መናገሩም ያሳዝነኛል። በ1949 ክላውስ በካን ከተማ ራሱን አጠፋ። አሜሪካም ተለወጠች፤ ኮሚኒስት ናቸው የሚባሉ ሰዎች የሚታደኑበት ጊዜ መጣ፤ መርማሪዎች ጎረቤቶቿን ሳይቀር ጠየቁ፣ የንግግር ግብዣው ቀረ። በዲሴምበር 1950 የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻዋን በቁጣ አነሳችና በ1952 ከወላጆቿ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የአባቷ ጸሐፊ፣ የአባቷ አራሚ፣ አባቷ በ1955 ሲሞት የአባቷ ደብዳቤዎች አዘጋጅ ሆነች። ሦስት ትልልቅ ጥራዝ አወጣች። ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን እንደ አንባቢ ይቆጨኛል። ለዚያ ሁሉ ዓመት የራሷን ወፍጮ አቧራ አልብሳ የአባቷን ብራና ስትጠርግ ኖረች። ኦገስት 27 ቀን 1969 ዙሪክ ውስጥ በ63 ዓመቷ አረፈች፤ ኪልሽበርግ ከወላጆቿ ጋር ተቀብራለች። ሙኒክም በስሟ መንገድ ሰይማለች። ከሐከርብሩከ ጣቢያ አጠገብ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ ሁሉ ኤሪካ ማን ጎዳናን በሻንጣችሁ ጎማ ስትፈጩት ነው የኖራችሁት። እስቲ ስሙን አንብቦ የሚያውቅ እጁን ያንሳ። አንድ፣ ሁለት... ሁለት ሰው። እኔም አሥራ ሦስት ዓመት አላነበብኩትም።

ቡናው እንደደረሰ ከወጥ ቤት ምልክት እየሰጡኝ ነው። አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ።

በጦርነቱ ዓመታት ኤሪካ ከለንደን በጀርመንኛ ራዲዮ ላይ ተናግራለች፤ ከዚያም የአሜሪካን ጦር የደንብ ልብስ ለብሳ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆናለች። በ1945 አጋማሽ የተማረኩት የናዚ ሹማምንት ሉክሰምበርግ ውስጥ ሞንዶርፍ በምትባል የፍል ውኃ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ታስረው ነበር። ጎሪንግ፣ ሪበንትሮፕ፣ ሮዘንበርግ፣ የአይሁድን ጥላቻ በጋዜጣው ሲነዛ የኖረው ሽትራይኸር፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ኤሪካ እንድትጎበኝ ተፈቀደላት። ልታናግራቸው አልተፈቀደም፤ በየክፍሉ እየገባች አየቻቸውና ወጣች። እነሱ ማን እንደሆነች አላወቁም፤ አንዲት አሜሪካዊት ወታደር መስላቸዋለች። ስትወጣ ስሟን እንዲነግሯቸው ለመርማሪዎቹ መልእክት ተወች።

በደብዳቤዋ እንደጻፈችው ጎሪንግ ሲሰማ ደነገጠ፤ የማንን ቤተሰብ ጉዳይ እኔ ይዤው ቢሆን ኖሮ በሌላ መንገድ አስኬደው ነበር እያለ ማስረዳት ጀመረ። እሱ እንግዲህ የማን ልጅ መሆኗን ነው የሰማው። ሽትራይኸር ግን ስለ አባቷ አንድም ነገር አላለም። «አምላኬ!» አለ፣ «ያቺ ሴት እኔ ክፍል ውስጥ ነበረች!»

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ ማይክሮፎኑ ሽቦው አጭር ነው።